ለካርቶን ዋልያ የተሸከምሁት ድንጋይ

አደጋ መኖሩን ያወቅሁት የሻረግ ሰላምታዋን ባሳጠረችብኝ ቅዳሜ ነው።

እኔና የሻረግ ወፍጮ ቤት ስንገናኝ ሰላምታችን ተጀምሮ እስኪያልቅ የአንድ ሰው እህል ተፈጭቶ ይወጣል። እንዴት ነሽ እላታለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ትለኛለች፤ ከዚያ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ ከዚያ ሰውየው፣ ከዚያ ላሟ፣ ከዚያ ጥጃዋ፣ አምና ጥጃዋን የረገጠቻት በቅሎ ሳትቀር። ባለ ወፍጮው ቁሞ ይጠብቀናል። ያን ዕለት ግን "ደህና አደርሽ" አለችኝና ጆንያዋን ከእኔ ጆንያ አጠገብ አንስታ በሩ ማዶ ወስዳ አቆመችው። በቃ። ላሟን እንኳ አልጠየቀችኝም።

ደባርቅ ብርድ አገር ነው፤ እኔ ግን እንደዚያ ቀን በርዶኝ አያውቅም።

"ምን ሁና ነው?" አልሁት ባለ ወፍጮውን።

"አልሰማሽም እንዴ? ናትናኤል የቢንያምን አውሬ ገድሎ ቀደደው አሉ።" ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄት በክንዱ ጠረገና "የካርቶኑን ነው እንግዲህ" ብሎ ጨመረ።

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም እንደ ሰው ልሥቅ አፌን ከፈትሁ፤ ሳቁ ግን አልመጣም።

ናትናኤል ልጄ ነው። ቢንያም የየሻረግ ልጅ ነው። የቢንያም አያት ደግሞ አያ መኳንንት ናቸው፤ የአያ መኳንንትን ታላቅ ወንድም የገደለው የባለቤቴ አጎት ነው። ነገሩ የድሮ ነው፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ዳባት በኩል ባለ የእርሻ ድንበር ተጣልተው። የአገር ሽማግሌ ገብቶ፣ ካህናት መስቀል ይዘው ቁመው፣ መሐላ ተምሎ ደሙ ደርቋል። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ ወዲህ በአንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ሲሞትባቸው አብረው ያለቅሳሉ። አማቴ ግን ሙሽራ ሁኜ በገባሁ ሰሞን ጆሮዬን ይዘው "ከዚያ ቤት ሰው ጋር በዶሮ እንኳ እንዳትጣይ" ብለውኛል። እኔም ይኸው ዕድሜ ልኬን ዶሮዎቼን ስጠብቅ ኖርሁ። ለካ መጠበቅ የነበረብኝ ካርቶኑን ኑሯል።

ጨዋታውን ልንገራችሁ፤ እኔም የገባኝ በመከራ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥሁት ሦስተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ ይህን ስጽፍ እንኳ ናትናኤል ከጎኔ ተቀምጦ ፊደል ያርምልኛል፤ ስለ እሱ ክፉ የጻፍሁበት ቦታ ሲደርስ እጁ ይዘገያል እንጂ ጎበዝ ነው። መጀመሪያ ጨዋታው በስልክ ነበር፤ አውሬና አውሬ የሚያዋጉበት። ኔትወርኩ ጠፍቶ አልመለስ ሲል የሰፈሩ ልጆች የብስኩትና የፓስታ ካርቶን እየቆረጡ አውሬዎቻቸውን ራሳቸው ሣሉ። ስልኩ ውስጥ የነበሩት የሩቅ አገር አውሬዎች ናቸው፤ የእኛዎቹ ደግሞ ደጃቸው ላይ ያለውን ነው የሣሉ፤ ጭላዳውን፣ ዋልያውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ጥንብ አንሳውን። ከዚያ ክንፍ ይቀጥሉለታል፣ ጅራት ያበዙለታል፣ ከሥሩም ጠባዩን ይጽፉለታል። አንዱ እሳት ይተፋል፣ አንዱ ድንጋይ ለብሷል፣ ሌላው ውኃ ያዘንባል። ድንጋይ እሳትን ያፍናል፤ ውኃ ድንጋይን ይንዳል። ይህ ለእኔም ይገባኛል፤ ክረምት ሲገባ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የሚሆነውን እናያለን።

የቢንያም አውሬ ቋጥኝ ይባላል፤ ቀንዱ ድንጋይ የሆነ ዋልያ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያሸነፈው አልነበረም። የናትናኤል ነበልባል ይባላል፤ ደረቱ ላይ ካለው ቀይ ቦታ እሳት የሚወጣው ጭላዳ ነው።

እህሌን ሳላስፈጭ ቤት ገባሁና ልጄን ፊቴ አቆምሁት።

"ምን አድርገኸው ነው?"

"አሸነፍሁት።"

"ድንጋይ እሳትን ያፍናል አላልኸኝም? በምን አሸነፍኸው?"

"ጠባዩን ለወጥሁት። እሳቱን ውኃ አደረግሁት። ይቻላል እኮ እማ፤ ሕጉ 'ጠባይ ከውጊያ በፊት ይለወጣል' ነው የሚል።"

"ከውጊያ በፊት ነው የለወጥኸው?"

"አዎ። ገና አልመታሁትም ነበር። ውጊያ የሚጀመረው በመጀመሪያው ምት ነው።"

"ቢንያምስ ምን ይላል?"

"እሱ ካርዱ ሲገለጥ ነው የሚጀመረው ይላል። የት ተጽፎ?"

"ቆይ። ካርዱ ተገልጦ፣ ድንጋይ መሆኑን በዓይንህ አይተህ፣ ከዚያ ነው ውኃ የሆንኸው?"

ይህ ልጅ ጥፋቱ ሲያዝበት ከአባቱ ጋር አንድ ነው፤ ግድግዳ ያያል።

"እሺ አሸነፍኸው። መቅደዱ ለምን አስፈለገ?"

"የሞተ አውሬ ይቀደዳል። እሱም ክረምቱን ሙሉ የእኔን ሲቀድ ነው የከረመ።" እንዲህ ብሎ ከኪሱ የቋጥኝን ቁርጥራጭ አወጣልኝ። እንደ ግዳይ ይዞት ይዞራል።

እዚህ ላይ ወደ የሻረግ ቤት ሄጄ "ልጆች ናቸው፣ እንተወው" ብል ኑሮ ወጉ እዚህ ባለቀ ነበር። ፍርሃት ግን እግሬን ያዘና እጄን ፈታው። ቁርጥራጩን ሰብስቤ በሊጥ አጣበቅሁት። ጭንቅላቱን በጅራቱ በኩል አጣብቄው ኑሮ ፈትቼ እንደገና ለጠፍሁት። እንዲደርቅ በርጩማ ላይ አድርጌ ፀሐይ ላይ አወጣሁትና ውኃ ልቀዳ ዞር አልሁ። ስመለስ ያቺ ዕድሜ ልኬን የጠበቅኋት ዶሮ በርጩማው ላይ ወጥታ ሊጡን ከእነ ቀንዱ ትለቅማለች። ቋጥኝ ከወገቡ በላይ አልተረፈም።

"እማ፣ አሁንማ በደንብ ሞተ" አለ ናትናኤል።

እንግዲህ ምትክ ልሣል አልሁ። እኔ በዕድሜዬ የሣልሁት ነገር ቢኖር ጥልፍ ላይ መስቀል ነው። ካርቶን ቆርጬ፣ የልጁን እስክሪብቶ ይዤ፣ ምላሴን ነክሼ ዋልያ ሣልሁ። ቀንዱን በጀርባው አጠፍሁት፤ ቀጭን ሆነብኝ፤ ላወፍረው ስል ወደ ላይ ቆመ፤ ጢሙን ስጨምር አፉ ረዘመ። ለእኔ ዋልያ ነው። "ይዘህ ሂድ፣ እናቴ ይቅርታ ብላ ነው የላከችው በል" ብዬ ናትናኤልን ላክሁት።

ቶሎ ተመለሰ።

"ምን አሉህ?"

"አያ መኳንንት ናቸው የተቀበሉኝ። 'ይህ ምንድን ነው?' አሉ። ቢንያም አየና 'አህያ ነው' አላቸው።"

"ወይ አምላኬ። ከዚያስ?"

"'ማን ላከው?' አሉ። 'የናትናኤል እናት' አልኋቸው።"

"ይቅርታውንስ ነገርኻቸው?"

"እሱን ረሳሁት።"

"ከዚያስ ምን አሉ?"

"ምንም። ገብተው ጠብመንጃቸውን ከግድግዳ አወረዱና የሻረግን 'ጨርቅ አምጪ' አሏት።"

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ደም ተቃብቶ የታረቀ ቤት፣ ልጁ ተበድሎ አኩርፎ ተቀምጦ፣ በድሎ የተቀመጠው ወገን በካርቶን ላይ አህያ ሥሎ ይልክለታል። እኔ ብሆን ጠብመንጃ ባይኖረኝ ተበድሬ አወርድ ነበር።

ባለቤቴ በቅሎ ይዞ ጨነቅ፣ ተራራው ላይ ወጥቷል፤ እንግዶች እያጓጓዘ ነው። ስልክ ብደውልለት ያቺ ሴትዮ "የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው ሊገኙ አልቻሉም" አለችኝ። ነገሩን ሁሉ ለእሷ ነገርኋት። የተቀዳ ድምፅ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ግን ሌላ የሚሰማኝ ሰው አልነበረኝም።

አዲ አርቃይ እኅት አለችኝ። ልጁን እዚያ አደርሰዋለሁ፣ ሰውየው ሲወርድ የሚሆነውን ያድርግ አልሁ። በሶ ቋጠርሁ። ሰው እንዳያውቀው የእናቴን ጋቢ አከናንቤ፣ ዱላ አስይዤ፣ "ጎበጥ በል፣ አሮጊት ነሽ" ብዬው ወደ መነኻሪያ ወጣን። ከቤታችን እስከ መነኻሪያ ያገኘን ሰው በሙሉ "ናትናኤል፣ ምን ሁነህ ነው የተከናነብኸው? አመመህ?" ሲለው ደረስን።

አውቶቡሱ ውስጥ ገብተን ከኋላ ተቀመጥን። ከፊታችን ያለው ወንበር ላይ የንስሐ አባቴ ቄስ አዱኛ ተቀምጠዋል፤ ለክርስትና አዲ አርቃይ ሊወርዱ ኑሯል። ዘወር ብለው አዩን። መስቀላቸውን ተሳለምሁና ሳይጠይቁኝ ሁሉንም ዘረገፍሁላቸው፤ ዶሮዋን ጭምር።

ካህኑ ሳይሥቁ ሰሙኝ። ይህን ውለታቸውን አልረሳም፤ ትከሻቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጥ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ፤ "ይህን ልጅ ካሸሸሽው የካርቶኑን ጠብ የሰው ጠብ አደረግሽው ማለት ነው። የሸሸ ይፈለጋል። አያ መኳንንት ምንም ባያስብ እንኳ 'ለምን ሸሹ' ብሎ ማሰብ ይጀምራል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ አባቴ?"

"እንደ አገሩ ደንብ ነዋ። ድንጋይ ተሸክመሽ ደጁ ሄደሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ትንሽ ድንጋይ ይበቃል፤ ለምልክት ነው።"

ትንሽ ድንጋይ ሲሉ ሰምቻለሁ። የፈራ ሰው ግን ትንሽ ነገር አይታየውም። ከአውቶቡሱ ወርጄ ዙሪያዬን ስቃኝ ከኋላ ጎማው ሥር ጥሩ፣ ክብ፣ ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አየሁ። አፈፍ አድርጌ ማጅራቴ ላይ ጫንሁትና መንገዴን ጀመርሁ። ገና ከመነኻሪያው በር ሳንወጣ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

"እመቤት! ታኮዬን!"

ሾፌሩ ነው። ደልዳላ፣ ሆዱ ከመሪው ጋር ሲታገል የኖረ ሰው። መኪናዋ የእጅ ፍሬን እንደሌላትና ያ ድንጋይ ከሌለ ሊማሊሞን ብቻዋን እንደምትወርደው እየጮኸ ነገረኝ። ረዳቱን ፍሬኑን ረግጦ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው የመጣው።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ነው። ስጨርስ እመልስልሃለሁ" አልሁት።

"ሌላ ድንጋይ የለም አገሩ ላይ?"

"አንዴ የተሸከሙትን መንገድ ላይ ማውረድ አይሆንም" አሉት ካህኑ። ሾፌሩ መስቀሉን አየና ቃሉን ዋጠ፤ ግን ድንጋዩን ለብቻው አልለቅም ብሎ ተከተለን። ሾፌሩ ከሄደ አውቶቡሱ አይሄድምና ተሳፋሪዎቹም ወርደው ተከተሉ። የገበያ ቀን ነው። ካህን ከፊት፣ ሴት ድንጋይ ተሸክማ ከኋላ፣ ከዚያ የተከናነበ ልጅ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ሲሄድ ያዩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡበት።

"ማን ሞቶ ነው?" ትላለች አንዷ።

"ቋጥኝ" ይላታል ልጄ።

"ውይ፣ የማን ልጅ ነው?"

"የቢንያም ነው።"

"ቢንያም ልጅ አለው እንዴ?" ትላለች ሌላዋ። የአያ መኳንንት በር ስንደርስ አንዲት አሮጊት የማታውቀውን ሟች ስም እየጠራች ማልቀስ ጀምራ ነበር፤ በደንብም ታለቅስ ነበር።

አያ መኳንንት ግቢያቸው ውስጥ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። ጠብመንጃው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። በአንድ እጃቸው ጨርቅ ይዘዋል። እኔ ያን ጠብመንጃ ሳይ ድንጋዩ ቀለለኝ፤ እግሬ ነው የከበደኝ። ናትናኤልን በክንዴ ወደ ጀርባዬ ገፋሁት።

ሽማግሌው ካህኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሾፌሩን አዩ፣ የምታለቅሰዋን አሮጊት አዩ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"አያ" አልሁ፤ ድምፄ እንደ ዶሮዬ ሆነ። "ልጄ አጥፍቷል፤ ከእሱ የባስሁ እኔ አጥፍቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይማሩን።"

"ምንድን ነው የምምረው?"

"የቢንያምን አውሬ።"

ሽማግሌው ጨርቁን አስቀመጡ። "ጥፋቱን ሳላውቅ ማርሁ ብል ምሕረቴ ምን ላይ ያርፋል? ቁጭ በሉ። ልጆቹ ይቅረቡና ይነገረኝ።"

ሁሉም ተቀመጠ። እኔ ድንጋይ እንደተሸከምሁ ቆምሁ፤ ደንቡ ነው፤ ተበዳይ አውርጅ ሳይል አይወርድም። ቢንያም ከቤት ወጣ፤ ዓይኑ ያበጠ ነው። የሻረግም በሩ ላይ ቆመች፤ አየችኝና መሬት አየች።

ናትናኤል የነገረኝን ነገረ። ቢንያም ደግሞ "ካርዴን ገልጬ ነበር፤ ቋጥኝ መሆኑን አይቶ ነው እጁን ወደ ጀርባው አዙሮ የለወጠው" አለ።

"ልመታው ገና ነበር!" አለ የእኔው።

"በቅኔም እንዲህ ነው" አሉ ካህኑ። "ጉባኤ ቃና ብሎ የተነሣ ተማሪ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ፣ ነው ያለው። ምሥጢሩ አልሞላ ሲለው ሦስተኛ ቤት ልጨምር ቢል መምህሩ..."

"ይቅርታ አባቴ" አለ ሾፌሩ። ታኮውን ረስቶ ወደ መሐል ገብቷል። "እኔ ላስረዳ። ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስትደርስ ማርሽ የምትለውጠው ቁልቁለቱን ሳትጀምር ነው። ከጀመርህ በኋላ እለውጣለሁ ካልህ መኪናዋም የለችም፣ አንተም የለህም። ገና ጎማዬ አልተንሸራተተም፣ ስለዚህ አልጀመርሁም የሚል ሾፌር አይቼ አላውቅም። ማለቴ አይቼ ነበር፤ አሁን የለም።"

"አፋፉ ታዲያ የት ነው?" አለች ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፤ ጭኗ ላይ ቅርጫት ይዛለች። "ካርዱ ሲገለጥ ነው ወይስ ሲመታ?"

"ከተገለጠ እኮ ዓይንሽ ቁልቁለቱን አየ!"

"ማየትማ ከደባርቅም ሁነህ ታያለህ።"

ግቢው ተከፈለ። ግማሹ በምቱ ነው አለ፣ ግማሹ በመገለጡ። ለቅሶዋን አታቆምም ብዬ የፈራኋት አሮጊት እንኳ እንባዋን ጠርጋ "ለመሆኑ አውሬው ስንት ጠባይ ይኖረዋል?" ብላ ጠየቀች። አንገቴ መሰበሩ ነበር፤ ግን ማን ያየኛል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በመሐል ድንጋዩን ረስቼ "ተደብቆ መለወጡስ?" ማለቴ ትዝ ይለኛል፤ የገዛ ልጄ ላይ።

አያ መኳንንት እጃቸውን አነሡ።

"እሷ የተናገረችው ነው ነገሩ" አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። "መቼ ጀመረ የሚለውን ተዉት። ናትናኤል፣ ስትለውጥ ለምን እጅህን ወደ ጀርባህ አዞርህ?"

ልጄ ግድግዳ ፈለገ፤ በዚያ በኩል ወይራ ብቻ ነው ያለው። "እንዳያየኝ" አለ ቀስ ብሎ።

"እንዳያይህ ከፈለግህ ጀምሯል ማለት ነው። ሕጉ እንዲህ ይሁን። ጠባይ የሚለውጥ ሰው ጮክ ብሎ፣ ምስክር ቆጥሮ፣ ዋስ ጠርቶ ይለውጥ። አንድ ጠባይ የጨመረ አንድ ጠባይ ይጣል፤ ሁሉንም ይዞ የሚኖር ፍጡር የለም። ደግሞ የሞተውን መቅደድ ምን የሚሉት ነው? ሬሳ አይቀደድም። ለባለቤቱ ይመለሳል።"

"ድንቅ ፍርድ" አለ ሾፌሩ።

ናትናኤል ግን አልጨረሰም። ያን ጊዜ አፉን ባፍንለት ደስ ባለኝ ነበር። "አያ" አላቸው፤ "በምስክር ፊት የተለወጠ ጠባይስ ተመልሶ ይለወጣል?"

ሽማግሌው ጠብመንጃውን አዩት፤ ከዚያ ማጅራቴ ላይ ያለውን ድንጋይ አዩት።

"አይመለስም" አሉ። "እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ለውጫለሁ። የአባትህ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ እዚህ ቦታ ላይ ሲቆም ካህናትም ነበሩ፣ ይህ ወይራም ነበረ። የያዝሁትን ቂም ጣልሁ። አብሮት የሄደ ሌላም ነገር ነበር፣ ጉልበት ነው መሰለኝ፤ ግን ተመልሼ አልፈለግሁትም። አትፍራ። እናትህ ናት የፈራች፤ አንተማ የምትፈራ አትመስልም።"

አፌ አላስቀምጥ አለኝ። "ጠብመንጃውስ አያ? አህያውን አይተው ነው ያወረዱት ብሎኛል።"

"ይህን? ቅዳሜ ቅዳሜ እወለውለዋለሁ፤ የሻረግ ታውቃለች። ጥይቱን በእርቁ ጊዜ ለሽማግሌ አስረክቤያለሁ። የወንድሜ ነው፤ ዝገት እንዲበላው አልፈልግም።" ጨርቁን አንሥተው አጠፉት። "አህያ ያልሽው የትኛው ነው?"

ቢንያም ቤት ገብቶ የእኔን ዋልያ አመጣ። እንደ ወንጌል በሁለት እጁ ይዞታል። "ይህን ነው የምፈልግ፣ ቋጥኝን አልፈልግም" አለ። "ይኸኛው ጠባይ አልተጻፈበትም። ምንም ስለሌለው ስለውጠው የምጥለው የለኝም፤ የፈለግሁትን ብቻ ነው የምጨምር።"

"ያማ አይሆንም!" አለ ናትናኤል። "አንድ የጨመረ አንድ ይጥላል ተብሏል!"

"የሌለውን ምን ይጥላል?"

ግቢው እንደገና ተከፈለ። ካህኑ "እዚህ ላይ ጥያቄ አለ" ብለው መቋሚያቸውን ተደገፉ። አያ መኳንንት ራሳቸው ካርቶኑን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አቀረቡና "በጆሮው ይጀመር" አሉ። ሁለቱ ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው አህያዬ ላይ ጎነበሱ፤ አንዱ እስክሪብቶ ሲያወጣ አንዱ ካርቶኑን ያዘለት።

"አያ፣ ስለ እግዚአብሔር" አለ ሾፌሩ፤ "ድንጋዩን ያውርዱላት። የረዳቴ እግር ፍሬን ላይ ነው ያለው።"

"ውይ፣ ረስቼሽ" አሉ ሽማግሌው። "አውርጅ ልጄ። ምሬያለሁ፤ የምምረው ባይኖርም ምሬያለሁ።"

አወረድሁ። ሾፌሩ ድንጋዩ መሬት ሳይነካ ቀልቦ ወሰደውና ሮጠ፤ ተሳፋሪዎቹም ተከተሉት። ካህኑ ብቻ ቀሩ፤ ክርስትናው በሚቀጥለው መኪና ይሆናል ብለው የአህያውን ነገር ሊያስጨርሱ ተቀመጡ።

የሻረግ ከበሩ መጣች። አንገቴን በመዳፏ ያዘችልኝ፤ መዳፏ ቅቤ የነካ ነው።

"ጆንያዬን ያራቅሁት ተቀይሜ አይደለም" አለችኝ። "ልጄ ክረምቱን ሙሉ የልጅሽን ሲቀድ ነው የከረመ። ሰውየሽ ከጨነቅ ወርዶ ቢሰማ ምን ይላል ብዬ ፈርቼ፣ አጠገብሽ ቁሜ የምናገረው ጠፋኝ።"

"እኛን ፈርተሽ?"

"ታዲያ ማንን ልፍራ? እኔም እኮ እዚህ ቤት በገባሁ ሰሞን ጆሮዬን ተይዣለሁ።"

ሁለታችንም ግቢው መሐል ቆመን ሳቅን፤ ጠዋት ወፍጮ ቤት ያልመጣው ሳቅ አሁን መጣ። ከዚያ ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ጀመረች።

"ለመሆኑ እንዴት ነሽ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ሰውየውስ? በቅሎዋስ? ላሟስ እንዴት ናት?"

"ላሟም ደህና ናት" አልኋት። "ልጄም ደህና ነው። ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔም አሁን ደህና ነኝ።"